«ካርቦን ቀነስን» ይላሉ፤ ታዲያ ከመስኮቴ ፊት ያለው ጀነሬተርስ?

የኮዬው ልጅ (ክሩን የከፈተ) | ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ቤተሰቦች። የዘርፉ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከመኝታ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት የኔትወርክ ታወር ተተክሏል። መብራት እልም ሲል በደቂቃ ውስጥ ከሥሩ ያለው ጀነሬተር ይነሳል። ዛሬም ተነስቶ ያጓራል፤ እኔ ደግሞ ሻማ አብርቼ በዚያው ታወር ኔትወርክ ዜና አነባለሁ። ዜናው ስለ እሱው ሆኖ አረፈው! የዓለም የሞባይል ኩባንያዎች የካርቦን ልቀታቸውን እየቀነሱ ነው ይላል። ጂ.ኤስ.ኤም.ኤ የሚባለው ማኅበራቸው እንዳለው በፈረንጆቹ ከ2019 እስከ 2023 ከራሳቸው ሥራ የሚወጣው ልቀት 8 በመቶ ወርዷል። በዚያው ጊዜ የኢንተርኔት ትራፊኩ አራት እጥፍ ሆኗል።

አራት እጥፍ ሠርቶ 8 በመቶ መቀነስ ለጆሮ ደስ ይላል። ግን የናፍጣው ጭስ በመስኮት እየገባ ስለሆነ ደስታዬ አልሞላም።

ጥያቄዬ፦ ይሄ 8 በመቶ የምር ትልቅ ነገር ነው? እኛ ጋስ እንዴት ነው? መብራታችን ከግድብ ነው፣ ንጹህ ነው ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን። ታዲያ የቴሌኮም ካርቦን እኛ ሀገር ከየት ይመጣል?

አደራ፣ ፖለቲካ አታስገቡብኝ።


ጨለማው በረታ | ሰኞ፣ ማታ 2:52

ታድለህ! እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ነው የሚተኛው። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ፣ ካርቦን የለ። ሽልማቱን ወደኛ ላኩልን ሃሃሃ


ሳይት ለሳይት | ሰኞ፣ ማታ 3:30

እኔ ከታወር ሥር ነው የምውለው። በጥገና 11 ዓመት ሆኖኛል። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰፈርህ ታወር ልንገርህ። መብራት በጠፋ በደቂቃ ጀነሬተሩ የሚነሳ ከሆነ፣ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ባትሪውን ነው። ወይ ሞቷል፣ ወይ ጭራሽ የለም። ታወር ላይ ያለው መሣሪያ የሚሠራው በ48 ቮልት ዲሲ ነው። መብራት ሲኖር ሬክቲፋየር የሚባለው ዕቃ ከመስመር ተቀብሎ መሣሪያውን ይመግባል፣ ባትሪውንም ይሞላል። መብራት ሲሄድ ባትሪው ይረከባል። ጤነኛ ባትሪ ያለበት ሳይት (የታወር ጣቢያ) ላይ ጀነሬተሩ ለሰዓታት ላይነሳ ይችላል፤ አጭር መጥፋት ከሆነማ ሳይነሳ መብራቱ ይመለሳል። የድሮው አሲድ ባትሪ ግን በቀን ሁለት ሦስቴ ሙልጭ ብሎ እየተሞላ አይዘልቅም። ሙቀትም አይችልም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያጥራል ብለው ነው ያስተማሩን። ቆላ ላይ አዲስ የገባ ባትሪ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሊትየም ይሻላል። ችግሩ ሌባም ሊትየም እንደሚሻል አውቋል።

አሁን ወደ ካርቦኑ። በግምት እናስላው። አንድ መካከለኛ ሳይት 2.5 ኪሎዋት ይበላል እንበል። ከሥሩ ያለው ጀነሬተር ግን ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 ኪሎዋት ማንሳት የሚችል ነው። ድሮ ኤሲ (ማቀዝቀዣ) ስለነበረ፣ ደግሞ ወደፊት መሣሪያ ይጨመራል ተብሎ ነው እንዲህ የገዘፈው። አንድ ጀሪካን ውሃ ለማምጣት አይሱዙ እንደመላክ ቁጠረው። ትልቅ ሞተር ትንሽ ጭነት ይዞ ሲዞር በሰዓት 2 ሊትር ያህል ናፍጣ ይጠጣል። መስመር ያልደረሰበት ሳይት ላይ ደግሞ ቀንም ሌትም ነው የሚዞረው። በቀን 48 ሊትር፣ በዓመት 17,520 ሊትር። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.68 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ብታባዛው 47 ቶን ይጠጋል። አንድ ታወር፣ በአንድ ዓመት! ያው ታወር ከግድብ በሚመጣ መስመር ላይ ተገናኝቶ መብራቱ ባይቋረጥበት ኖሮ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በተጠጋ ነበር።

እና ለጥያቄህ መልሱ ይሄ ነው። እኛ ጋ የቴሌኮም ካርቦን የሚመጣው መብራት ከመጥፋቱ ነው። ከዚያ ደግሞ ጭራሽ መብራት ካለመድረሱ።


የኮዬው ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 3:41

47 ቶን?! እኔ ደግሞ ፍሪጄን ስነቅልና ስሰካ ነበር ምድርን ላድን ብዬ።


ፍሬን የበጠሰው | ሰኞ፣ ማታ 4:05

ይቅርታ ግን ይሄ የፈረንጅ አጀንዳ ነው። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ መብራት የለውም። በዓለም ልቀት ውስጥ ያለን ድርሻ ከቁጥር አይገባም። የቴሌኮምና የኮምፒውተር ዘርፉ በሙሉ ተደምሮ ከዓለም ልቀት ከ1.5 እስከ 4 በመቶ ነው የሚባለው፤ ከዚያ ውስጥ የእኛ ታወር ስንት ሊሆን ነው? ገበሬው ኔትወርክ ያግኝ እንጂ በናፍጣ ይሁን በኩበት ምን ቸገረኝ።


ሳይት ለሳይት | ሰኞ፣ ማታ 4:20

ወንድሜ፣ ካርቦኑን ተወው። ናፍጣው በምን ይገዛል? በዶላር። እዚህ ሀገር ናፍጣ አይመረትም። ያንን 17,520 ሊትር ከጅቡቲ በቦቴ አምጥተህ፣ ከዋናው መንገድ በፒክአፕ አሻግረህ፣ መንገዱ ሲቆረጥ በአህያ ጭነህ ነው ተራራ የምታወጣው። ከመንገድ የሚጠፋውን ሳልቆጥር። «እዚህ ሳይት ጀነሬተሩ በጣም ይበላል» ተብሎ ሄጄ፣ ጀነሬተሩ ጤነኛ ሆኖ ሰፈሩ በሙሉ በኩራዝ የሚያበራበት ጊዜ ነበር ሃሃ።

ገበሬው ኔትወርክ ያግኝ ያልከው ትክክል ነው። ብዙ ገጠር ታወር የማይተከለው ግን ናፍጣው ስለማያዋጣ ነው። ሶላር ሲገባ ነው ገበሬው የሚያገኘው።


የሔልሲንኪው | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:15

ጠዋት ቡና ይዤ አነበብኳችሁ። ፊንላንድ ነኝ፣ ሥራዬም ከሬዲዮ ኔትወርክ ጋር ነው፤ ስለ 8 በመቶው የማውቀውን ላዋጣ።

አካፍሉት። በአራት ዓመት 8 ማለት በዓመት 2 አካባቢ ነው። ያው ማኅበር ራሱ በ2050 (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ዜሮ ለመድረስ እስከ 2030 በየዓመቱ 7.5 በመቶ መቀነስ ያስፈልጋል ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የቴሌኮም ድርጅት፣ አይ.ቲ.ዩ፣ በ2020 መጀመሪያ ያወጣው መለኪያ ደግሞ ዘርፉ ከ2020 እስከ 2030 ልቀቱን 45 በመቶ እንዲያወርድ ይጠይቃል። ስለዚህ አቅጣጫው ልክ ነው፣ ፍጥነቱ ግን ሩቅ ነው። በዚያ ላይ አማካይ ቁጥር ያታልላል። አውሮፓ ብዙ ቀንሷል፤ ናፍጣ ላይ ያለው የዓለም ክፍል ግን በዚያ ፍጥነት አልሄደም።

እዚህ ምን ተሠራ? ትልቁ ሥራ ሬዲዮው ላይ፣ ማለትም ከስልካችን ጋር የሚገናኘው የታወር መሣሪያ ላይ ነው። አንድ ኦፕሬተር (የሞባይል ኩባንያ) ከሚጠቀመው የኔትወርክ ኃይል ሦስት አራተኛው ገደማ የሚበላው እዚያ ታወር ላይ ነው እንጂ በዳታ ሴንተር አይደለም። ሰው ግን ዳታ ሴንተር ነው የሚመስለው። እና አንደኛው ዘዴ ማስተኛት ነው። ሌሊት ከ6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ድረስ ማን ቪዲዮ ያያል? ስለዚህ ከተደራረቡት ፍሪኩዌንሲዎች አንዱ ብቻ ነቅቶ ሌሎቹ ይተኛሉ። ሶፍትዌሩ ቀንም ቢሆን በሁለት ዳታ መሀል ባለች የሴኮንድ ሽራፊ ማጉያውን ያጠፋዋል። ሁለተኛው አሮጌውን መዝጋት ነው። ጀርመን 3ጂን በ2021 ዘግታለች። አሮጌ መሣሪያ ተጠቃሚ ባይኖረውም ምልክት ለመላክ ብቻ ኃይል ይበላል።

ሦስተኛው ደስ የሚለኝ ነው። በ2018 ኖኪያና ኤሊሳ የሚባለው የፊንላንድ ኦፕሬተር እዚህ ሔልሲንኪ አንድ መኖሪያ ሕንፃ ላይ ያለን ቤዝ ስቴሽን (የኔትወርክ ጣቢያ) በአየር መሆኑ ቀርቶ በፈሳሽ እንዲቀዘቅዝ አደረጉ። የሚወጣውን ሙቀት ደግሞ ለሕንፃው ማሞቂያ ሰጡት። ኤሊሳ ቀጥሎ በታወር ሥር ያሉትን ባትሪዎች ከሀገሪቱ የኃይል መስመር ጋር አቀናጅቶ ማሠራት ጀመረ። ኃይል ሲተርፍ ይሞላሉ፣ ሲያጥር ሳይቱ ከባትሪ ይበላል፤ ኩባንያው ለዚያ ይከፈለዋል። እናንተ ጋ ባትሪው መብራት ለሌለበት ሰዓት ነው፣ እነዚህ ጋ ገቢ ያስገኛል።


ጨለማው በረታ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:32

ሙቀቱን ለማሞቂያ? እኛ ጋ ቢሆን እትዬ በላይነሽ ምጣዷን ታወሩ ላይ ትጥደው ነበር።


የዱባዩ ታወር ወጪ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:10

ሙቀት ላለው ሰው ሙቀት አትስጡት ሃሃ። እዚህ ዱባይ ታወር ላይ ነው ሥራዬ። በጋ ላይ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ በፈረንጅ፣ ቀን ከ6:30 እስከ 9:00 ሰዓት ውጭ መሥራት በሕግ ክልክል ነው። ለሰው ማለቴ ነው። መሣሪያው ግን እረፍት የለውም። ኤሲ ያለበት ክፍል ያለው ሳይትና የሌለው ሳይት ቆጣሪያቸው አይገናኝም። ከክፍል አውጥተው ሬዲዮውን ወደ ላይ፣ አንቴናው ጎን የሰቀሉት ጊዜ ብዙ ኤሲ ቀረ። ያቺ አንዲት ለውጥ ከብዙ መፈክር ትበልጣለች።


ሳይት ለሳይት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:25

ልክ ነህ። የእኛ ደጋ ለዚህ የተባረከ ነው፣ ነፋሱ ይበቃዋል። ጀነሬተሩ ግን ደጋ አይስማማውም፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። የሀገራችን ነገር ባትሪው ቆላን፣ ጀነሬተሩ ደጋን አይወድም።

የሔልሲንኪው፣ 3ጂ መዝጋት ያልከው ገብቶኛል። እኛ ጋ ግን 2ጂ የሚነካ የለም። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ስንት ነው? በ*127# ቴሌብር የሚልከውስ? እናቴ ራሷ።


መዝገብ ያዧ | ማክሰኞ፣ ቀን 7:20

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፤ የሒሳብ ሰው ነኝ። የዚህ ዓይነት ሪፖርት ሳዘጋጅ ስለኖርኩ ግን ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ልቀት በሦስት ማኅደር ነው የሚመዘገበው። ስኮፕ 1 ራስህ ያቃጠልከው ነው፦ የጀነሬተር ናፍጣ፣ የመኪና ቤንዚን። ስኮፕ 2 ከመብራት አቅራቢ የገዛኸው ኤሌክትሪክ ነው። ስኮፕ 3 የተረፈው ሁሉ፦ የገዛኸው መሣሪያ ሲመረት፣ የሸጥከው ስልክ ሲሠራ፣ የተከራየኸው ነገር፣ የሠራተኛ ጉዞ። ያ 8 በመቶ የሚናገረው ስለ 1 እና 2 ብቻ ነው። ለብዙ ኦፕሬተር ግን ትልቁ ክምር 3 ውስጥ ነው ያለው።

ስኮፕ 2 ራሱ ሁለት ዓይነት አቆጣጠር አለው። አንዱ «ያለህበት ሀገር መስመር ምን ያህል ቆሻሻ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «ምን ዓይነት ውል ፈረምክ?» ይላል። በሁለተኛው መንገድ ኩባንያው የታዳሽ ኃይል ሰርተፊኬት ከገዛ፣ ከድንጋይ ከሰል የመጣ መብራት እየበላም ወረቀቱ ላይ ዜሮ ሊጽፍ ይችላል። ሕጋዊ ነው፤ መመሪያው ሁለቱንም አሳውቁ ይላል። ዜና የሚሆነው ግን ያማረው ነው። አዲስ የንፋስ ተርባይን እንዲተከል ያደረገ የረጅም ጊዜ ውልና ለዓመት የተገዛ ወረቀት ሪፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት ዜሮ ይመስላሉ።

አሁን ዋናው ነገር። አፍሪካ ውስጥ ብዙ ኦፕሬተሮች ታወራቸውን ሸጠው መልሰው ተከራይተዋል። ኤም.ቲ.ኤን ናይጄሪያ ታወሮቹን በፈረንጆቹ 2014 አይ.ኤች.ኤስ ለሚባለው የታወር ኩባንያ አስተላልፏል። እዚያ የሚቃጠለው ናፍጣ ትናንት የኦፕሬተሩ ስኮፕ 1 ነበር። ከሽያጭ በኋላ ናፍጣውን የሚገዛው ሌላ ነው፤ ስለዚህ እንደ አቆጣጠሩ ወደ ስኮፕ 3 ሊዛወር ይችላል። አንድ ሊትር ሳይቀንስ የኦፕሬተሩ የራሱ ልቀት ይወርዳል ማለት ነው። ለታወር ኩባንያው ደግሞ በተቃራኒው ናፍጣ ዋና ወጪው ነውና መቀነስ ይፈልጋል። አይ.ኤች.ኤስ በ2022 ናይጄሪያ ላይ ሳይቶቹን ከመስመር ማገናኘት፣ ሶላርና ሊትየም ማስገባት የያዘ ፕሮጀክት ጀምሯል። ስለዚህ ሽያጩ መጥፎ ነው አልልም። የኦፕሬተሩን ሪፖርት ብቻ አንብባችሁ አታጨብጭቡ ነው የምለው።


ፍሬን የበጠሰው | ማክሰኞ፣ ቀን 7:44

እህቴ፣ ይሄማ የእድር ዕዳን ከአንድ ደብተር ወደ ሌላ ደብተር ማዛወር ነው።


መዝገብ ያዧ | ማክሰኞ፣ ቀን 7:50

እድራችን እንኳ ኦዲተር አለው።


የኮዬው ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 1:30

ብዙ ተማርኩ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሕዳሴ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት ነው። ለቢትኮይን ቆፋሪ የሚሸጥ መብራት አለን። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ተከልክሏል። ታዲያ እንዴት አንድ 2.5 ኪሎዋት የሚበላ ታወር አዲስ አበባ ዳር በናፍጣ ያድራል?


ጡረተኛው | ማክሰኞ፣ ማታ 2:15

ልጄ፣ ማመንጨትና ማድረስ ሁለት ሥራ ነው። ቢትኮይኑ ትልልቅ ማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚበላው። ሰፈርህ ጋ ለመድረስ ግን መስመር ይዘረጋል፣ ትራንስፎርመር ይቆማል፣ ምሰሶ ይተከላል። ምሰሶው ይበሰብሳል፤ ትራንስፎርመሩ ላይ በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት እጥፍ ሰው ይጫንበታል። ክረምት መጥቶ ዛፍ ሲወድቅ መጥፋቱ አይቀርም። ግድብ ብቻ ሆኖ መስመሩ ከቀረ የጋን ውስጥ መብራት ነው።

እኔ በሬዲዮ ማስተላለፊያ ሥራ ነው ጡረታ የወጣሁት። በእኛ ጊዜ ተራራ ላይ ያለ ጣቢያ ሲመደብልህ ለሳምንት ስንቅ ትይዝ ነበር። ናፍጣው በበርሜል፣ ከዚያ በጀሪካን ይወጣል። ዝናብ ሲበዛ አህያ እምቢ ይላል፤ ሰው ይሸከማል። ካርቦን የሚል ቃል አልሰማንም። ግን ሊትሯን እንደ ዘይት ነበር የምንቆጥባት። ጀነሬተሩን ቀኑን ሙሉ ማዞር ነውር ነበር! በሙሉ ጉልበቱ ጥቂት ሰዓት ታዞረዋለህ፣ ባትሪ ትሞላለህ፣ ታጠፋለህ፣ በባትሪ ታድራለህ። ዛሬ ሃይብሪድ ብለው እንደ አዲስ ነገር ሲያወሩ እሰማለሁ።


ሳይት ለሳይት | ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ጋሼ፣ እጅ እነሳለሁ። እውነትዎን ነው። በግምት ባሰላው፣ ያው 2.5 ኪሎዋት ሳይት በቀን 60 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ጀነሬተሩ በደንብ ተጭኖ ሲሠራ ያንን በ24 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ባዶውን 24 ሰዓት ሲዞር 48 ነበር። አንድ ሶላር ሳይጨመር ግማሹ ይቀራል።

ሶላሩን ብንጨምርስ? በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ብንይዝና ብክነቱን ብንጨምር፣ 500 ዋት የሆነ ፓነል ወደ 30 ይፈልጋል። ገጠር ላይ ቦታ አለ። ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ግን የት ታደርገዋለህ? ክረምት ላይም ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሳምንት ሲቆም ጀነሬተሩን ፈልገህ ታስነሳዋለህ። እኔ እንዲያውም የማማርረው በአቧራው ነው። ፓነል ይተከላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። የሚያጥበው ሰው ግን በጀት ውስጥ የለም። በጋ ላይ ሄደህ ጣትህን ብታሳርፍበት ስምህን ትጽፍበታለህ።


የሔልሲንኪው | ማክሰኞ፣ ማታ 3:05

ጋሼ ያሉት ትምህርት ነው። እኔን የሚያበሳጨኝን ደግሞ ልናገር። «5ጂ ከ4ጂ በብዙ እጥፍ ይቆጥባል» የሚሉት በአንድ ጊጋባይት ሲለኩት ነው። ያ እውነት ነው። ግን የ5ጂው ትልቁ አንቴና ውስጡ 64 ማሰራጫ አለው፤ ሲበራ ከአሮጌው የበለጠ ኃይል ይስባል። ሰውም ጊጋባይት ሲረክስለት አብዝቶ ይበላል። ለከባቢ አየሩ በጊጋባይት የሚባል ነገር የለም፣ ጠቅላላው ነው የሚደርሰው። አዲስ አበባ ላይ 5ጂ በ2022 በፈረንጅ ሲጀመር ይሄን የጠየቀ ጋዜጠኛ አላየሁም።


ባለ ሱቁ ከመገናኛ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4:10

ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ስኮፕ 3 የተባለው ውስጥ ስልክ አለ አይደል? ከአንድ ስማርት ስልክ ዕድሜ ልክ ልቀት አብዛኛው የሚወጣው ገና ፋብሪካ እያለ ነው፤ ቻርጅ የምናደርገው መብራት ትንሽ ነው። እንግዲህ እኔ በቀን አሥር ስክሪንና ባትሪ እየቀየርኩ ስልኩን ሁለት ሦስት ዓመት ሳቆየው ማን ይቁጠርልኝ? አውሮፓ ሆኜ ቢሆን ሪፖርቱ ላይ ፎቶዬ ነበር። እዚህ ደንብ አስከባሪ ነው የሚያባርረኝ።


መዝገብ ያዧ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4:35

ባለ ሱቁ፣ ምስክርህ ነኝ፤ የእኔ ስልክ ስድስተኛ ዓመቱ ነው።

በነገራችን ላይ ኩባንያዎቹ ሌላም ነገር ይቆጥራሉ። «ከለቀቅነው አሥር እጥፍ ያህል ሌላው እንዳይለቅ አድርገናል» የሚል ጥናት ጂ.ኤስ.ኤም.ኤ ካርቦን ትረስት ከሚባል የእንግሊዝ አማካሪ ድርጅት ጋር በፈረንጆቹ 2019 አውጥቶ ነበር። በስልክ ገንዘብ ስትልክ ባንክ ድረስ አልሄድክም፣ ታክሲ አልያዝክም፣ ስለዚህ ልቀት ቀረ ነው ነገሩ። ውስጡ እውነት አለበት። ግን ያልተደረገ ጉዞን መቁጠር እንደ ምኞት ነው፤ እንደፈለግህ ይሰፋል። እኔ በስልክ ከፍዬ የቆጠብኩትን ሰዓት ቦሌ ሄጄ ማኪያቶ ጠጥቼበታለሁ፣ በታክሲ።


ፍሬን የበጠሰው | ረቡዕ፣ ጠዋት 4:50

እሺ ተሸነፍኩ። ናፍጣው በዶላር ነው ያላችሁኝ ጊዜ ነው የተሸነፍኩት እንጂ በካርቦኑ አይደለም። የኮዬው ልጅ ግን ወሬ ብቻ ሆነህ እንዳትቀር፣ ያንን ጀነሬተር ለሳምንት ቁጠረው።


የኮዬው ልጅ | ሰኞ (ክሩ ከተከፈተ ከሁለት ሳምንት በኋላ)፣ ማታ 3:20

ቆጠርኩት። ሚስቴ አብዷል ብላለች።

ከባለፈው ሰኞ እስከ ትናንት እሑድ ማታ። በየቀኑ አንድ ጊዜ ነው የጠፋው፣ ርዝመቱ ግን ይለያያል። ሰኞ 3 ሰዓት፣ ማክሰኞ 2፣ ረቡዕ 5፣ ሐሙስ 9፣ ዓርብ 2፣ ቅዳሜ 7፣ እሑድ 3። ድምር 31 ሰዓት። በሰዓት 2 ሊትር ካልን 62 ሊትር፣ ያም 166 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ዓመቱን በሙሉ እንዲህ ከሆነ 8 ቶን ተኩል ያልፋል።

ሻይ ይዤ ጥበቃውን አነጋገርኳቸው። «ባትሪው ለጥገና ተወሰደ፣ ከጥምቀት በፊት ነው፣ አልተመለሰም» አሉኝ። ሳይት ለሳይት፣ ሳታይ ነው ያወቅከው።


ሳይት ለሳይት | ሰኞ፣ ማታ 3:45

ሙያ ነዋ። መዝገብህ ግን ወርቅ ነው፣ እስኪ እንጠቀምበት። አራት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቢመለስ ብለህ አስብ። 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 48 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት ገደማ የሆነ ባትሪ፣ ብርቅ ነገር አይደለም። ሰኞ ጀነሬተሩ አይነሳም። ማክሰኞም፣ ዓርብም፣ እሑድም አይነሳም። ረቡዕ 1 ሰዓት፣ ሐሙስ 5፣ ቅዳሜ 3። ድምሩ 9 ሰዓት ሆነ። ከ62 ሊትር ወደ 18 ወረደ። ሶላር የለ፣ ሰርተፊኬት የለ፣ ሪባን የለ።


መዝገብ ያዧ | ሰኞ፣ ማታ 3:52

ይሄ እኮ ከ70 በመቶ በላይ ቅናሽ ነው። በአንድ ባትሪ።


ጡረተኛው | ሰኞ፣ ማታ 4:10

ጥሩ ሠርተሃል ልጄ። ግን አሁን በጋ ነው። ሐምሌ ላይ ድገመው፣ ያኔ ነው መስመሩ የሚፈተነው። ለጥበቃው ደግሞ ጀነሬተሩ ራሱ ላይ የሰዓት ቆጣሪ እንዳለ ንገራቸው፤ አንተ መስኮት ላይ አታድር።


የኮዬው ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 4:14

የሰዓት ቆጣሪ አለው?! ጋሼ፣ ይሄን መቁጠር ሳልጀምር ቢነግሩኝ ምን ነበረበት።